ለገጣፎ መንገድ ላይ ያለችው የህንድ ቤት፦ ኪቸሪው ይበላ፣ ሻዩ ይቅር

ባቡሩ አያት ላይ ያልቃል። ከዚያ የለገጣፎ ሚኒባስ ይዛችሁ ጎማ ቤቶቹ ጋ ውረዱ። ሥጋ የማይገባባት የህንድ ምግብ ቤት አስፋልቱ ዳር ፎቅ ሥር ናት። ጠባብ ነች፤ እሁድ ወንበር አይገኝም።

ቅዳሜ እናቴን ይዤ ሄድኩ። ጨጓራዋ ሰሞኑን ተነስቶባታል። ኪቸሪ አዘዝንላት። ማሾና ሩዝ ሙክክ እስኪል አብሮ ተቀቅሎ፣ በቅቤ የጋለ ከሙንና ነጭ አዝሙድ ቸስ ብሎ ይፈስበታል። እርድ አለው፣ ሚጥሚጣ የለውም። አዩርቬዳ በሚባለው የህንድ ባህላዊ ሕክምና ሆዱ ለደከመ ሰው የሚሰጥ ምግብ ነው። እናቴ አሸተተችና «ነጭ አዝሙድ! ቁርጠት ሲይዘን የምናኝከው አይደል እንዴ?» አለች። አስተናጋጇ «አዎ እማማ፣ እዚህም መድኃኒት ነው የሚሉት» አለቻት። 280 ብር። ሳህኑን ጠረገችው።

ግድግዳው ላይ «አዩርቬዳ ሥጋ ይከለክላል» የሚል ፖስተር ተለጥፏል። እዚህ ላይ አልስማማም። 2000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረው የቻራካ የአዩርቬዳ ሕክምና መጽሐፍ ለከሳና አቅም ላጣ በሽተኛ የሥጋ መረቅ ያዝዛል። ሥጋ መተው በዋናነት የመጣው በሃይማኖት በኩል ነው፤ ነፍስ ያለውን አትጉዳ ከሚለው የጃይኖች (የጥንት የህንድ ሃይማኖት ተከታዮች ናቸው) እና የቡድሂስቶች ትምህርት። የህንዱ ንጉሥ አሾካ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ድንጋይ ላይ አዋጅ አስቀርጿል። ድሮ ለወጥ ቤቱ በየቀኑ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንስሳ ይታረድ ነበር ይላል። አዋጁ ሲጻፍ የቀሩት ሁለት ጣዎስና አንድ አጋዘን ናቸው፣ እነሱም ወደፊት አይታረዱም ይላል። ጣዎሷ ቶሎ ያልተተወችው በአምሮት ይመስለኛል።

ጃይኖች ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ድንችም አይበሉም። ለነሱ የሚሠራውን ምስር ቅመሱ። በሽንኩርት ፋንታ ሂንግ የሚባል፣ ከተክል ሥር የሚወጣ ሙጫ ይገባበታል። ጥሬው አፍንጫ ያሲዛል። ትኩስ ዘይት ሲነካው ግን ሽታው ቁጭ ቁሌት! ያለ ቁሌት ወጥ ይሠራል ብትሉኝ አላምንም ነበር።

ጾመኛ ከሆናችሁ ግን ሳትጠይቁ አትዘዙ። የቤቱ ሰዎች ሥጋ ተዉ እንጂ ወተትና ቅቤ አልተዉም፤ አዩርቬዳም ቅቤን ያከብራል። እኔ ረቡዕ ዕለት «የጾም ነው» ተብሎ በመጣልኝ ቆስጣ ውስጥ አይብ አገኘሁ። ይቅርታ ጠይቀው ቀየሩልኝ፣ ግን ሰዓቴ ሄደ። ኪቸሪውን በዘይት አድርጉልኝ ካላችሁ ያደርጉላችኋል።

«የሰውነት ዓይነት ሻይ» የሚሉትም አለ። ከሦስቱ የአዩርቬዳ የሰውነት ዓይነቶች ቫታ፣ ፒታ ወይስ ካፋ እንደሆናችሁ አስተናጋጇ ስለ እንቅልፍና ስለ ላብ ጠይቃ ትወስናለች። እኔን ሙቀት የሚበዛብሽ ፒታ ነሽ አለችኝ። የመጣው ድንብላል የተፈላበት ውሃ ነው፣ 150 ብር። በዚህ ብር ከሾላ ድንብላል ገዝታችሁ ስንት ጀበና ታፈላላችሁ!