የመንገድ ዳር በለስ ወይስ የታሸገ ማርማላታ?

በክረምት መንገድ ዳር የሚላጠው በለስ (የቁልቋል ፍሬ) ከእሱ የሚሠራውን ማርማላታ በብዙ ያስከነዳል። 100 ግራም የፍሬው ሥጋ 41 ካሎሪ ገደማ፣ 14 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ፣ 3.6 ግራም ፋይበርና 85 ሚሊግራም ማግኒዚየም አለው። የቀዩ ቀለም ቤታኒን፣ የቢጫው ኢንዲካዛንቲን ይባላል። ሁለቱም ቀለሞች ሆኑ ቫይታሚን ሲ እሳት አይወዱም፤ ማርማላታ ብዙ ሲፈላ ቀለሙ የሚደበዝዘው፣ ቫይታሚኑም የሚቀንሰው ለዚህ ነው።

ሻጩ ሁለቱን ጫፍ ቆርጦ፣ ቆዳውን በቁመቱ ሰንጥቆ ገልጦ ይስጣችሁ። በባዶ እጅ ከነካችሁት ፀጉር መሳይ እሾሁ ይሰካል፤ ከንፈር ላይ ከገባማ አበሳ ነው። ዘሩ ስለማይፈጭ ከመጠን በላይ ከተበላ ሆድ ያደርቃል። ጭማቂ ቤት ካዘዛችሁ በወንፊት ይጠለል በሉ፤ ስኳር የሚጨምሩበት ግን በከንቱ ነው።