አውት ኦፍ ዘ ፓርክ ቤዝቦል፦ ማናጀር መሆን ለሚፈልግ ሰው

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ጥላ ስር ስለ ኳስ ክርክር ሲነሳ ማብቂያው ሁሌ «አሰልጣኙ ለምን አልቀየረውም?» ነው። ያ ጥያቄ ለሚጥማችሁ ይሄን ጌም ሞክሩት። ቤዝቦል ባታውቁም ችግር የለውም።

ዱላ አትይዙም፣ ኳስ አትወረውሩም። ማን እንደሚወረውር፣ ማን እንደሚመታ፣ ማን መቼ እንደሚቀየር ትወስናላችሁ፤ የቀረውን ኮምፒውተሩ የተጫዋቾቹን ብቃትና ዕድልን ይዞ ያሰላዋል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ እየወጣ ነው፣ በየዓመቱም አዲስ እትም አለው።

እኔን የያዘኝ እንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ዘጠነኛው ኢኒንግ (ዙር)፣ የመጨረሻው። በአንድ ነጥብ እየመራችሁ ነው። አንድ አውት ሆኗል፣ ማለትም ከተጋጣሚ አንድ ሰው ከጨዋታ ወጥቷል፤ የተጋጣሚ ሯጭ ደግሞ ሦስተኛው ቤዝ ላይ፣ ነጥብ ሊያስቆጥር አንድ ማረፊያ ቀርቶት ቆሟል። የውስጥ ተከላካዮቻችሁን ወደፊት ታስጠጓቸዋላችሁ? ካስጠጋችኋቸው፣ መሬት ለመሬት የመጣችውን ኳስ ይዘው ሯጩን ሆም ላይ፣ ነጥብ የሚቆጠርበት ቦታ ላይ፣ ሊያስቀሩት ይችላሉ። ግን ጠንከር ብላ ከመጣች ለመንቀሳቀስ ጊዜ ስለሌላቸው በመሃላቸው ሾልካ ታልፋለች። ወደኋላ ከተዋችኋቸው ደግሞ ሁለተኛውን አውት ታገኛላችሁ፣ ነጥቡ ግን ገብቶ እኩል ትሆናላችሁ። እውነተኛ ማናጀር የሚጨነቀው በዚሁ ነው፣ ጌሙም አያባብላችሁም።

ቤዝቦል ላይ ከ10 ሙከራ 3ቱን በትክክል የሚመታ ሰው ኮከብ ነው። ስለዚህ ትክክል ወስናችሁም ትሸነፋላችሁ። ብዙ የስፖርት ጌም ላይ ጎበዝ ከሆናችሁ ሁሌ ታሸንፋላችሁ፣ ይሄኛው ላይ ግን እንዲያ አይደለም፤ ለኔ እውነተኛ ያሰኘው እሱ ነው።

ፒቸሩም፣ ማለትም ኳስ ወርዋሪው፣ ይደክማል። ቀድማችሁ ተተኪውን ማሟሟቅ አለባችሁ፤ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ ባለው የአሜሪካ ዋናው ሊግ ሕግ ደግሞ ገብቶ የሚወረውር ሰው ኢኒንጉ ካላለቀ ወይም ካልተጎዳ ቢያንስ ሦስት መቺ ሳይገጥም አይወጣም፣ ስለዚህ «ለአንድ ሰው ብቻ ላስገባው» ማለት እንደበፊቱ ቀላል አይደለም። ከፈለጋችሁ እ.ኤ.አ. እስከ 1871 ድረስ ወደኋላ ሄዳችሁ የድሮ ሲዝን መጫወት ትችላላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1908 ሆም ራን፣ ማለትም ኳሷን ከሜዳ ውጭ መምታት፣ ብርቅ ስለነበር ባንት ማድረግ፣ ማለትም ኳሷን በዱላ ነካ አድርጎ አጠገብ መጣል፣ ዋጋ ነበረው። ዛሬ ያንኑ ብታደርጉ አብዛኛውን ጊዜ አንድ አውት በነፃ እንደመስጠት ነው።

የጎደለው ስሜቱ ነው። ወሳኙ ውርወራ ላይ የፒቸሩ ፊት ምን እንደሚመስል፣ እጁ ይንቀጠቀጥ አይንቀጠቀጥ አታዩም፤ ቁጥርና ጽሑፍ ይበዛል፣ ያውም በእንግሊዝኛ። አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚያይ ጓደኛ ቶሎ ይሰለቻል።

ብቻችሁን ስትጫወቱ ኢንተርኔት አይጠይቅም። ድሬ ላይ መብራት ሲሄድ በላፕቶፑ ባትሪ ትቀጥላላችሁ። ከባዱ በዶላር መክፈሉ ነው፣ ውጭ ዘመድ ያለው ያስገዛ። ስትጀምሩ ደግሞ አቦ፣ ሙሉ ሲዝን ውስጥ አትግቡ። አንድ ጨዋታ ምረጡና ውርወራ በውርወራ ተጫወቱት።