የአያቴ ንቅሳት የት ገባ? ያረጀ ፎቶ በስልክ አፕ፣ በፎቶ ቤት ወይስ በራስ?

የአያቴ ፎቶ ያለን አንድ ብቻ ነው። ደብረ ማርቆስ የተነሳችው ጥቁርና ነጭ ጉርድ ፎቶ። ጠርዙን የምድጃ ጭስ ቢጫ አድርጎታል፤ ከከንፈሯ እስከ ነጠላዋ ደግሞ የእጥፋት መስመር ወርዶበታል። መጀመሪያ በስልክ አፕ ሞከርኩት። ወዲያው ጥርት ብሎ መጣ። እናቴ አየችውና "ይቺ ደሞ የማን ልጅ ናት?" አለች። አፑ የአንገቷን ንቅሳት እድፍ መስሎት ጠርጎታል!

አፖቹ ፊት ሲደበዝዝባቸው ከተማሩት ብዙ ፊት ይገምታሉ እንጂ የእናንተን አያት አያውቋትም። ፊቱ ደህና ሆኖ ቀለሙ ብቻ ከለቀቀ፣ ለፕሮፋይል ይበቃሉ። ለግድግዳ ግን እኔ አላምናቸውም።

ኮምፒውተር ያለው በራሱ ይሞክር። ከፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞቹ ፎቶሾፕ የሚከፈልበት ነው። ጂምፕ ነፃ ነው፤ ጭረት የሚያጠፋው ሂሊንግ ብሩሽም አለው። እኔ ሁለት ማታ ታገልኩ፤ አንዱን ማታ መብራት በላው። ነጠላዋ ላይ ያለው መስመር ጠፋ። ከንፈሯ ጋ ስደርስ እጄ ፈራ።

ፎቶ ቤት ዋጋው ከበድ ይላል፤ ልዩነቱ ግን የባለሙያው እጅ ነው። ጎበዙ ከጎን ካለው ደህና ቦታ እየቀዳ ጭረቱን ይሸፍናል፤ "ንቅሳቱን አትንካው" ካላችሁት አይነካውም። ሰነፉ ያንኑ አፕ ከፍቶ ያስከፍላችኋል። ስለዚህ መጀመሪያ "በምንድነው የምታነሳው?" በሉት። በስልኩ ሊያነሳው ከሆነ ፎቷችሁን ይዛችሁ ውጡ። ስካነር ይኑረው። ለትልልቅ ፎቶ 600 ዲፒአይ (ስካነሩ በአንድ ኢንች የሚያነበው የነጥብ ብዛት) ይበቃል፤ ለጉርድ ፎቶ 1200 ይሁን። 3 በ4 ሳንቲሜትር የሆነ ጉርድ በ600 ስካን ሲደረግ 709 በ945 ፒክስል ገደማ ነው የሚወጣው፤ ለትልቅ ፍሬም አይሆንም። ሥራውን በቴሌግራም ከላከላችሁም እንደ ፋይል ይላከው፤ እንደ ፎቶ ከላከው ጥራቱ ይወርዳል።

ፎቶው ከፍሬሙ መስታወት ጋር ተጣብቆ ከሆነ እንዳትልጡት። ከነመስታወቱ ስካን ይደረግ።

እኔ በመጨረሻ ፎቶ ቤት ሄድኩ፤ እናቴን ይዤ። የፎቶ ቤቱ ልጅ የአያቴን ፊት አጉልቶ ሲያሳያት ስክሪኑን በጣቷ ነካ አድርጋ "ንቅሳቱ እስከዚህ ነበር፣ ልጄ" አለችው።