የአንድ ፋብሪካ የሥራ ባህልና አመራር፦ ከምርት መስመር ላይ ሲታይ

ይህ ግምገማ የፕላስቲክ ዕቃዎችን በሻጋታ (በቅርጽ ማውጫ) በሚያመርት አንድ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ኦፕሬተርነት ሳገለግል ያየሁትን የሥራ ባህልና የአመራር ሁኔታ ይመለከታል። ሊቀጠር የሚያስብ ሰው ስለ ደመወዝና ስለ ፈረቃ ሰዓት መጠየቁ አይቀርም፤ እኔ ግን አስቀድሞ እንዲያጣራ የምመክረው አንድ ሠራተኛ ለደኅንነት ብሎ ማሽን ሲያቆም ምን እንደሚደርስበት ነው።

ደመወዝ በወቅቱ ይከፈላል፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያም አይሸራረፍም። አዲስ ገቢዎች የሚሠለጥኑት ከነባር ኦፕሬተሮች ጎን ቆመው ሲሆን፣ እነዚህ ሰዎች የማሽኑን ድምፅ ብቻ ሰምተው ብልሽቱን የሚለዩ፣ የሚያውቁትንም ለማካፈል የማይሰስቱ ናቸው። ለእነሱ ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

አመራሩን በተመለከተ ግን ይህን ለማለት አልችልም። በየፈረቃው መጨረሻ በሰሌዳ ላይ የሚሰፍረው የተመረተውና የተበላሸው ብዛት ብቻ ነው፤ ማሽኑ ለምን እንደቆመ የሚጻፍበት ቦታ ስለሌለ፣ የቆመ ማሽን ሁሉ የኦፕሬተሩ ስንፍና ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ማሽን እንደ ፖሊፕሮፒሊን ያለውን ፕላስቲክ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ አሙቆ የሚያቀልጥ፣ ሻጋታውንም በከፍተኛ ኃይል የሚገጥም በመሆኑ፣ የመከላከያ በሩ ሲከፈት በራሱ እንዲቆም ሆኖ ነው የሚሠራው። የምርት ግቡ በሚከብድባቸው ቀናት ግን ይህ መቆጣጠሪያ ከሥራ ውጭ ተደርጎ፣ በሩ ክፍት እንደሆነ ሲመረት አይቻለሁ፤ የፈረቃ ኃላፊዎቹም ይህን ያውቃሉ። ጉዳዩን ያመለከተ አንድ ባልደረባዬ ብዙም ሳይቆይ ያለ ምክንያት ወደ ሌሊት ፈረቃ ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ሊደርሱ ሲሉ ለጥቂት የታለፉ አደጋዎች በሚመዘገቡበት መዝገብ ላይ የሚጽፍ ሰው ጠፋ፤ አመራሩም ባዶውን መዝገብ የመሻሻል ማስረጃ አድርጎ በስብሰባ ላይ አቀረበው። ከሁሉ ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ምርትና ደኅንነት አብረው አይሄዱም የሚል ሰው ቶዮታን ይመልከት። በዚያ የመስመር ሠራተኛ ጉድለት ሲያይ ገመድ ስቦ ወይም ቁልፍ ተጭኖ ኃላፊውን ይጠራል፣ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታም መስመሩ ይቆማል። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1981 ያወጣው ቁጥር 155 ስምምነትም፣ በበቂ ምክንያት ለሕይወቱ ወይም ለጤናው ከሚያሰጋ ቅርብና ከባድ አደጋ የራቀ ሠራተኛ አላግባብ እንዳይቀጣ ይደነግጋል።

የፈረቃ ርክክቡም ቢሆን በጥድፊያ የሚፈጸም ነው፤ ሌሊት የላላ ሻጋታ ወይም የሚያፈስ የዘይት ቱቦ መኖሩን ጠዋት የገባው ኦፕሬተር የሚያውቀው ራሱ ሲደርስበት ነው። የደረጃ እድገት መስፈርትም በጽሑፍ ተለጥፎ አላየሁም። የጥገና ክፍሉ ሠራተኞች ብርቱዎች ቢሆኑም፣ የመለዋወጫ ጥያቄያቸው ቢሮ ውስጥ ስለሚከርም ጊዜያዊ ጥገና ቋሚ ሆኖ ይቀራል።

ከ5 ነጥብ 2 ሰጥቼዋለሁ፤ ሁለቱም ለባልደረቦቼና ለክፍያው ሥርዓት የተሰጡ ናቸው። ፋብሪካው ለሚቀርብለት የአደጋ ጥቆማ ሁሉ ስምና ቀን ያለበት የጽሑፍ መልስ መስጠት ከጀመረና ጠቋሚው በነበረበት ፈረቃ መቆየቱን ካየሁ፣ ነጥቡን በደስታ ከፍ አደርጋለሁ።