ለትንሽ ልጅ የሥዕል መጽሐፍ ሲመርጡ፦ ካርቶን ገጽ፣ በሽቦ የተመታ፣ የተጠረዘ ወይስ ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ?

ሐዋሳ ውስጥ ለልጁ የሥዕል መጽሐፍ የሚፈልግ ወላጅ ብዙውን ጊዜ አራት ዓይነት ይቀርብለታል፦ ገጹ ወፍራም ካርቶን የሆነ ከውጭ የመጣ፣ አገር ውስጥ ታትሞ እጥፋቱ ላይ በሽቦ የተመታ ስስ መጽሐፍ፣ በሙጫ ወይም በክር የተጠረዘ ወፈር ያለ፣ እና ከኢንተርኔት አውርዶ የሚያሳትመው። ሻጭ መጀመሪያ የሚያሳየው ሽፋኑን ነው። መታየት ያለበት ግን የልጁ እጅና አፍ ገጹን ምን እንደሚያደርገው፣ ከዚያም ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ የሚያነበው ሰው ቋንቋው ይቀናው እንደሆነ ነው። ትንሽ ልጅ አንዱን መጽሐፍ ደግመህ አንብብልኝ ማለት ይወዳል፤ አንባቢው የሚሰለቸው መጽሐፍ ቢያምርም መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ካርቶን ገጽና በሽቦ የተመታ

ከ6 ወር እስከ 2 ዓመት ካርቶኑ ያለ ጥርጥር ይሻላል። በዚህ ዕድሜ መጽሐፍ አፍ ውስጥ ይገባል፣ ይጎተታል፣ ይወረወራል። ስስ ገጽ በጣት ለይቶ ሳይቀድ መግለጥ የሚመጣው 2 ዓመት ገደማ ላይ ነው፤ ካርቶን ግን በመዳፍ ይገለጣል። ከ10 እስከ 14 ገጽ ይበቃል፤ ስፋቱም 15 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ቢሆን ለልጁ እጅ ይመቻል። ሲገዙ የገጹን ጠርዝ በጥፍርዎ ጫር ያድርጉት። የተጣበቁት ወረቀቶች ገና ሱቅ ውስጥ መላቀቅ ከጀመሩ፣ የልጁ ምራቅ በጥቂት ቀን ይጨርሳቸዋል። ማዕዘኖቹ የተጠጋጉ ይሁኑ። የተለጠፈ የፕላስቲክ ዓይን ወይም ቁልፍ ያለበትን ለዚህ ዕድሜ አይግዙ፤ ተነቅሎ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል።

ሲጫኑት ድምፅ የሚያሰማ መጽሐፍ ላይ አጥብቀን እናስጠነቅቃለን። ውስጡ ያለችው ክብ የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ብትዋጥ በ2 ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ክፉኛ ልታቃጥል ትችላለች። ክዳኑ በብሎን ያልታሰረ ከሆነ አይግዙ። ልጁ ባትሪውን ውጦት ሊሆን ይችላል ብለው ከጠረጠሩ ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቁ በቀጥታ ሆስፒታል ይሂዱ።

የካርቶኑ ድክመት ዋጋውና ይዘቱ ነው። አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ሥዕሉም በረዶ ሰውና እንጆሪ ይበዛበታል። ሐዋሳ ያደገ ልጅ ባጃጅ፣ እንሰት፣ ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል የሚቆመውን ትልቅ ወፍ አባ ኮዳን ያውቃል። የሚያውቀውን ነገር ሥዕል ሲያይ በጣቱ ይጠቁማል፣ ድምፁን ያስመስላል፣ ወሬ ይጀምራል። ስለዚህ ካርቶን ገጽ ሲገዙ ጽሑፍ የሌለውን ወይም አንድ ቃል ብቻ ያለውን፣ እንስሳ፣ ምግብና የቤት ዕቃ የሚያሳየውን ይምረጡና በራስዎ ቋንቋ ይናገሩበት። በጀት ካጠረ ደግሞ 10 በ15 ሴንቲ ሜትር የታጠቡ 8 ወይም 10 ፎቶዎች፣ የእናት፣ የአያት፣ የቤቱ በር፣ የሰፈሩ ባጃጅ፣ ላሚኔት ተደርገው ማዕዘናቸው በመቀስ ከተጠጋጋና በቀለበት ከታሰሩ ከብዙ ውድ መጽሐፍ ይበልጣሉ።

በሽቦ የተመታው ከ2 ዓመት በኋላ ዋናው ምርጫ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ግማሹን ቢይዝ እንመክራለን። ርካሽ ነው፣ አማርኛ ነው፣ ሙሉ ተረት ይይዛል። አንድ ወረቀት ሲታጠፍ 4 ገጽ ስለሚሆን ገጹ 16፣ 20 ወይም 24 ነው፤ መሐል ላይ ታሪኩ ከዘለለ አንድ ወረቀት ጎድሏል ማለት ነው። ሽቦዎቹ ልክ እጥፋቱ ላይ መመታት አለባቸው። ከእጥፋቱ ከወጡ መጽሐፉ በደንብ አይከፈትም፣ ገጹም ከሽቦው ሥር ይቀደዳል። ጫፋቸው ወደ ውስጥ መታጠፉን በጣት ዳሰው ያረጋግጡ። ቀድሞ የሚላቀቀው የመሐለኛው ወረቀት ነው፤ ሳይጠፋ ሽቦውን ነቅለው በቀዳዳዎቹ በወፍራም ክር ሁለት ጊዜ ይስፉት። ከዚያ በኋላ ከፊተኛው የበለጠ ይጠነክራል።

ሙጫና ክር

ዕድሜው 4 ለሞላው ልጅ ረዘም ያለ ታሪክ ሲፈልጉ ጥራዙን ከላይ ጫፉ በኩል ይዩት። ገጾቹ ትናንሽ የታጠፉ ክምሮች ሆነው ከታዩ የተሰፋ ሊሆን ይችላል፤ የአንዱን ክምር መሐል ሲከፍቱ ክሩ ይታያል። ሁሉም ገጽ ለየብቻ ተቆርጦ ከተደረደረ የያዘው ሙጫ ብቻ ነው። ሙጫው መሐሉን ሙሉ በሙሉ ሲከፍቱት “ቀጭ” ካለ ደርቋል፤ ወለል ላይ ተዘርግቶ የሚነበብ የልጅ መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ አይቆይም። በክር የተሰፋ ጠንካራ ሽፋን ውድ ነው፤ ግን ለታናሽ ይተርፋል።

ጽሑፉ

አብዛኛው ገዢ የሚያልፈው ይህን ነው። ሁለት ገጽ እዚያው ሱቁ ውስጥ ጮክ ብለው ያንብቡ። “ድመቷ በምንጣፉ ላይ ተኝታ ነበረች” የሚል መጽሐፍ ስህተት የለበትም፣ ጆሮ ግን አይስብም። “ድመቷ ምንጣፉ ላይ ጥቅልል ብላ ተኝታለች” የሚለው ልጁን ያስቃል፣ ያስደግማል። ብድግ፣ ሹልክ፣ ዱብ፣ ጥቅልል የሚሉ ቃላት የሞሉበት መጽሐፍ አማርኛ የሚያውቅ ሰው እንደጻፈው ይታወቃል።

ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ በኮምፒውተር የፊደል መጠን አዋቂ ለሚያነበው 16 ነጥብ፣ ልጁ ራሱ እንዲለይ ከተፈለገ 24 ነጥብ ግድም። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ “ቢ”ን ከ“ቤ” የሚለየው እግሩ ሥር ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ኅትመቱ ሲደፈርስ ቀለበቷ በቀለም ትሞላና ሁለቱ አንድ ይሆናሉ። ከመግዛትዎ በፊት “ቤ” ወይም “ሌ” ያለበት ቃል ፈልገው ይዩ። ገጹን ወደ ብርሃን ሲያዞሩ የጀርባው ጽሑፍ ጎልቶ የሚታይበት ወረቀትም ፊደል ለሚለይ ልጅ አይሆንም።

የፊደል መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ ቃሉ በዚያው ፊደል መጀመሩን ይመርምሩ። “ለ” አጠገብ ሎሚ የሳለ መጽሐፍ ልጁ “ለ”ን እያየ “ሎ” እንዲሰማ ያደርገዋል። ለውዝ፣ በሬ፣ ቀጭኔ፣ ከበሮ፣ ተራራ ያለው ተጨንቆበታል። “ሰላም”ና “ፍቅር”ን በሥዕል ሊያሳይ የሚሞክረውን ይለፉት።

ቤቱ ውስጥ ሲዳሙ አፎም አማርኛም የሚነገር ከሆነ በሁለቱም ቋንቋ መጻሕፍት ይኑሩ፤ ለየብቻ ቢሆኑ እንመርጣለን። ሲዳሙ አፎ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ፣ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ሲጨናነቁ ለሥዕሉ ቦታ አይተርፍም። ሁለቱንም የያዘ ካጋጠመ አንደኛው ሁልጊዜ ከላይ፣ ሌላው ሁልጊዜ ከታች የሆነውን ይውሰዱ።

ማሳተም

አፍሪካን ስቶሪቡክና ስቶሪዊቨር ድረ ገጾች ላይ አማርኛን ጨምሮ በብዙ ቋንቋ ማውረድና ማባዛት የተፈቀዱ የሥዕል መጻሕፍት አሉ። ለ16 ገጽ 4 ኤ4 ወረቀት በቂ ነው። ፋይሉን በፒዲኤፍ ይዘው ይሂዱ፤ በማይክሮሶፍት ወርድ ከከፈቱትና ኮምፒውተሩ የግዕዝ ፊደል ከሌለው ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ኅትመቱን “ቡክሌት” (መሐሉ ላይ ታጥፎ መጽሐፍ የሚሆን)፣ በወረቀቱ በሁለቱም ገጽ፣ በአጭሩ ጎን የሚገለበጥ ያስደርጉ፤ በረጅሙ ጎን ከሆነ የጀርባው ገጽ ተዘቅዝቆ ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ወረቀት ብቻ አሳትመው ይዩ። የወረቀቱ ውፍረት በካሬ ሜትር 100 ግራም፣ የሽፋኑ 200 ግራም ቢሆን ጥሩ ነው፤ በ80 ግራም ቀለሙ ወደ ጀርባ ያሳልፋል። ሌዘር ፕሪንተር ይምረጡ፤ የኢንክጄት ቀለም በእርጥብ ጣት ሲነካ ብዙውን ጊዜ ይለቃል። ተራ ስቴፕለር እጥፋቱ ላይ ስለማይደርስ በመርፌ ሦስት ቀዳዳ በስተው በክር ይስፉት።

ያገለገሉ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለሥዕላቸው ብቻ ይገዙ። ሻጋታ የሚሸቱትን ግን ቤት አያስገቡ፤ ሽታው አይለቅም፣ ሻጋታውም ወደ ሌሎቹ ይዛመታል።

መጽሐፉ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም የሚታዘዝ ከሆነ ሻጩን ሦስት ፎቶ ይጠይቁ፦ የውስጥ ገጽ ጽሑፉ እንዲነበብ ሆኖ፣ የጥራዙ ጀርባ፣ እና መጽሐፉ ከደብተር ጎን ተቀምጦ። የመጨረሻው መጠኑን ያሳያል፤ በስክሪን ትልቅ የመሰለው መዳፍ የሚያህል ሆኖ ሊመጣ ይችላል። በአውቶቡስ ሲላክ ከላይና ከታች ካርቶን እንዲደረግበት ይንገሩ።

ለመጀመሪያ 10 መጽሐፍ ለሚገዛ ሰው፣ ልጁ ከ2 ዓመት በታች ከሆነ 5 ካርቶን፣ 1 የፎቶ፣ 4 በሽቦ የተመታ ይበቃዋል፤ በሽቦ የተመቱትን አዋቂ ይያዛቸው። ከ2 እስከ 5 ከሆነ 1 ካርቶን፣ 5 በሽቦ የተመታ፣ 2 በክር የተሰፋ ጥራዝ፣ 2 ፎቶ ኮፒ ቤት የታተመ። በክረምት የሐዋሳ እርጥበት ወረቀት ስለሚያጎብጥ መደርደሪያው ከውጭ ግድግዳ አራት ጣት ይራቅ፣ መጽሐፍም ወለል ላይ አይደር። ካርቶን ገጽ ከራሰ ክፍት አድርገው በጥላ ያቁሙት። ስስ ገጽ ከራሰ በየገጹ መሐል ንጹሕ ነጭ ወረቀት ከተው ከባድ ነገር ይጫኑበት፤ ወረቀቱንም በየጥቂት ሰዓቱ ይለውጡ።