ስታብላይዘር መፍታት ወይስ 90/10 አሞርዛተር?

የድራግ (የአጭር ቀጥታ መንገድ ውድድር) መኪና ሲነሳ አፍንጫው ቶሎ ከፍ ካላለ የኋላ ጎማው በባዶ ሊሽከረከር ይችላል። የፊት ስታብላይዘርን (የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘውን ዘንግ) መፍታት ወጪ የለውም፦ ሁለቱን ሊንኮችና የመያዣዎቹን ብሎኖች ማውጣት ብቻ ነው፤ ጥቂት ኪሎም ይቀንሳል። ግን ስታብላይዘር በዋናነት የሚሠራው አንዱ ጎማ ሲወጣ ሌላው ሲወርድ ነው። ሁለቱ እኩል ሲወርዱ ብዙም ስለማይከለክል ጥቅሙ ከሚወራለት ያንሳል። ኩርባ ላይ ደግሞ መኪናው ይጋደማል።

ለትራክ ብቻ ለሚነዳ መኪና 90/10 የሚባለው የፊት አሞርዛተር ይሻላል። በቀላሉ ይዘረጋል፣ ሲጨመቅ ግን ይከብዳል፤ ስለዚህ ማርሽ ሲቀየር አፍንጫው ወዲያው አይወድቅም። ችግሩ ገደብ ሲያጣ ነው፦ እስከ ጫፉ ተዘርግቶ ከመታ የፊት ጎማዎቹን ነጥቆ ያነሳል፣ አፍንጫው ሲያርፍ ደግሞ የኋላው ይቀላል። መገደቢያ ቀበቶ ይታሰርለት።

ከሁለቱም በፊት ግን ቦኮላው (የክንዱ መጋጠሚያ ላስቲክ) ይታይ። የታችኛው ክንድ በክሪክ ተደግፎ አሞርዛተሩ ይፈታ፣ ሞላውም በጥንቃቄ ይውጣ፤ ከዚያ ክንዱን በእጅ ከፍ ዝቅ ማድረግ ነው። ከከበደ ላስቲኩ እየተጠመዘዘ ይዞታል፤ ውድ አሞርዛተር ቢገባም አይፈታውም። ግሪስ የተቀባ፣ በነፃ የሚዞር የፖሊዩሬታን ቦኮላ ይግባለት።