ሰርጉ ግንቦት 20 ይሁን ወይስ ዳግማይ ትንሣኤ?

ደሴ ላይ ቀን ልትቆርጡ ነው? ሁለቱን ላስተያያችሁ።

ወጪ፦ ዳግማይ ትንሣኤ ላይ አዳራሹም ድንኳኑም ሽሚያ ነው። በዚያ ላይ ወሎ ሰርግ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ይታረዳል። ግንቦትን ብዙ ክርስቲያን ቤተሰብ ለሰርግ ስለማይመርጠው ኪራዩ ይረክሳል።

ምቾት፦ በበዓለ ሃምሳ ረቡዕና አርብም አይጾምም። ዳግማይ ለመልሱም ለቅልቅሉም ይመቻል።

ስጋት፦ እዚህ ላይ ቆም በሉ። ግንቦት 20 ቀን 1983 ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። ለአንዱ ነፃ የወጣበት ቀን ነው፣ ለሌላው በደሉ የጀመረበት። በ2014 ደግሞ ኢሕአዴግን ይመራ ከነበረው ሕወሓት ጋር የተደረገው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቷል። ሐዘኑ ገና ያልወጣለት ጎረቤት አለ። ግንቦት 20 ላይ ከበሮ ሲመታ ቀኑን እያከበራችሁ ይመስለዋል። እናንተ ምንም ባታስቡም እሱ ይከፋዋል። እኔ የጎረቤት ቅሬታ ከአዳራሽ ኪራይ በላይ ይከብደኛል።

ለማን ይሻላል? አማቾች በፖለቲካ የማይስማሙ ከሆነ፣ ወይም ሠፈሩ ሐዘን ካለበት፣ ዳግማይን ቀድማችሁ ያዙ። ሁለቱም ወገን ሙስሊም ከሆነና ግንቦት ካልከበዳችሁ፣ ወሩን ይዛችሁ ቀኑን ብቻ ወደ ቀጣዩ እሑድ ግፉት። ግንቦት 20ን ራሱን የምመክረው ድግሱ በቤት ውስጥ፣ በቅርብ ዘመድ ብቻ ሲሆን ነው፤ እሱንም የሠፈሩን ሽማግሌዎች አማክራችሁ።